የብረት ኪኒኔን በቡና ስውጥ ሦስት ወር

የማስተምረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለተኛው ላይ ስደርስ ልቤ ድው ድው ስለሚል፣ ደብተር የምቆጥር መስዬ ግድግዳ ተደግፌ አርፍ ነበር። ድካሙን በሥራና በልጆች አሳበብኩ። ጤና ጣቢያ የወሰደኝ ሌላ ነገር ነው፤ አፈር አማረኝ። ዝናብ ሲያካፋ የመሬቱ ሽታ አፌን በምራቅ ይሞላው ጀመር፤ አንድ ቀን ከግቢያችን የጭቃ ግድግዳ ቁራሽ ፈልቅቄ ስቆረጥም ትንሿ ልጄ አየችኝ። እንዲህ ያለው አምሮት የብረት እጥረት ምልክት ሊሆን እንደሚችል ያወቅኩት ያን ሳምንት ነው።

ሄሞግሎቢኔ፣ ማለትም በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ብረት ያለበት ንጥረ ነገር፣ በዴሲ ሊትር 9.1 ግራም ሆነ። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12፣ ለወንድ ከ13 በታች የደም ማነስ ይባላል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ከፍታው ሰውነት ተጨማሪ ቀይ የደም ሴል እንዲሠራ ስለሚያስገድደው ከውጤቱ ላይ 1 ግራም ያህል ቀንሶ ማንበብ ያስፈልጋል። 12.3 ወጥቶላት «ደህና ነሽ» የተባለች የደጋ ሴት ደህና ላትሆን ትችላለች። ይህ በጣም ያሳስበኛል።

ኪኒን ታዘዘልኝ። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቀን ሳላጓድል ዋጥኩ፤ ውጤቱ 9.4። በዕድሜ የገፉ አንዲት ሲስተር ካርዴን አገላብጠው ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ በምንድን ነው የምትውጪው?» አሉኝ።

«በቡና» አልኳቸው። ጠዋት ከመጀመሪያው ስኒ ጋር ነበር የምወስደው።

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ደምሽ እንዳይገባ ያግዱታል። በባዶ ሆድሽ፣ ሎሚ በጨመቅሽበት ውኃ ዋጪው። ቡናሽን ከዋጥሽ ሁለት ሰዓት ቆይተሽ ጠጪ። ለመሆኑ፣ ደምሽ ለምን አነሰ?»

ይህን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። የወር አበባዬ ስምንት ቀን ይቆያል፤ ሌሊት ተነስቼ አንሶላ እቀይራለሁ። እህቶቼም እንዲሁ ስለሆኑ የሁሉም ሴት ይመስለኝ ነበር። በአልትራሳውንድ ሲታይ የማሕፀን እጢ ተገኘ። እሱ ሳይታከም ብረት መዋጥ በተቀደደ እንስራ ውኃ መቅዳት ነበር።

ጤፍ የሚበላ ሰው ደም አያንሰውም የሚለው ወሬ እኔንም አዘናግቶኛል። በጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት ብዙው በአውድማ ከአፈር የሚቀላቀል ነው፤ በእህሉ ውስጥ ያለውም በቀላሉ አይመጠጥም። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ይሻላል። ምስርና ጎመን ስበላ፣ ብረቱ እንዲመጠጥ ስለሚያግዙ አሁን ሎሚ ወይም ቃሪያ አይለየኝም።

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶው፣ ከወንዶች 15 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። በአዲስ አበባ ከሴቶች 16 በመቶው ሲሆኑ በሶማሌ ክልል ከአሥሩ ስድስቱ ገደማ ናቸው። እርግዝናና ተቀራራቢ ወሊድ፣ ወባ፣ መንጠቆ ትል፣ ሥጋና አትክልት የማይደርስበት ማዕድ፤ ሰበቡ ከቦታ ቦታ ይለያያል።

ቁጥሩን ሳነብ እማዬ ትዝ አለችኝ። 67 ዓመቷ ነው፤ የወር አበባዋ ከቆመ ቆይቷል። ለጉልበቷ ከፋርማሲ የምትገዛውን ማስታገሻ ለዓመታት ስትውጥ ኖራለች። እጄን ይዛ ደረጃ ስትወጣ የራሴን ትንፋሽ ሰማሁባት። ሄሞግሎቢኗ 8.7 ነበር። ሰገራዋ እንደ ሬንጅ መጥቆሩን ስትጠየቅ ነው የተናገረችው፤ አፍራ ደብቃን ኖሯል። በእንዶስኮፒ፣ በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ሲታይ የጨጓራ ቁስል ተገኘ፤ ያቆሰላት ማስታገሻው ነበር። ወንድ ወይም የወር አበባዋ የቆመ ሴት የብረት እጥረት ሲገኝባቸው ደሙ በሆድ ዕቃ በኩል እየፈሰሰ እንዳይሆን መመርመር አለበት። ኪኒን ብቻ ይዘን ወደ ቤት ብንመለስ ኖሮ ቁስሉ መድማቱን ይቀጥል ነበር።

የእኔ ሄሞግሎቢን በአምስት ወር 13.9 ደረሰ፤ በሰውነቴ የተሟጠጠው የብረት ክምችት እንዲሞላ ከዚያ በኋላም ሦስት ወር ዋጥኩ። እማዬ ገና እየወሰደች ነው። ጠዋት በሎሚ ውኃ ትውጠዋለች፤ የግድግዳውን ሰዓት አይታ ሁለት ሰዓት መሙላቱን ስታረጋግጥ ጀበናውን ትጥዳለች።