ፍሪሲዮኑ የሚይዝበት ቦታ

እትዬን ግራ ጉልበታቸውን ማመም ከጀመራቸው ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ፒካፓቸውን ግን ከሃያ ዓመት በላይ ነድተዋታል። ፍሪሲዮኗ፣ ማለትም ማርሽ ለመቀየር በግራ እግር የሚረገጠው ፔዳል፣ ከባድ ነው። እሱን በቀን መቶ ጊዜ መርገጥ ለታመመ ጉልበት የሚሆን ነገር አይደለም። አንድ ቀን ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጡና «ለሌላ ሰው አልሰጣትም። አንቺ ተማሪያት» አሉኝ።

መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ማንዋል የነዳሁት ግን ለፈተናው ያህል ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ እጄ የገባው መኪና ሁሉ አውቶማቲክ ነው። ያኔ የተማርኩት ከእግሬ ጠፍቷል። ስለዚህ ከዜሮ ጀመርኩ ማለት እችላለሁ።

ስለ መኪናዋ ትንሽ ልንገራችሁ። ናፍጣ ናት። አምስት ማርሽ አላት። የማርሽ ዘንጉ አናት ላይ የነበሩት ቁጥሮች ከመዳሰስ ብዛት ጠፍተዋል፤ የቱ የት እንደሆነ የሚያውቀው እጅ ነው። የሞተሩን ዙር የሚያሳይ ሰዓት የላትም። የሹፌሩ በር የሚዘጋው ትንሽ ከፍ አድርገው ሲገፉት ነው። መሪዋ ስትሄድ ይቀላል፣ ስትቆም ግን ሁለት እጅና ትከሻ ይፈልጋል። የኋላ ባሌስትራዋ ለጭነት የተሠራ ስለሆነ ባዶዋን ስትሄድ ጉድጓድ ባገኘች ቁጥር ትነጥራለች። እኔ እወዳታለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ሰፊና ባዶ ሜዳ ላይ ወጣን። መሬቱ ዝርግ ነው። ሞተሩን አስነሳሁና እግሬን ነዳጅ መስጫው ላይ ላደርግ ስል እትዬ ጉልበቴን ያዙኝ።

«ቀኝ እግርሽን ወለሉ ላይ አሳርፊ። ዛሬ ነዳጅ የሚባል ነገር አትነኪም።»

አልገባኝም። ያለ ነዳጅ እንዴት ትሄዳለች? ከአሁን አሁን ትጠፋለች እያልኩ ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ረገጥኩ፣ አንደኛ አስገባሁ፣ ለቀቅኩት። ጠፋች። ሞከርኩ። ጠፋች። አራት ጊዜ ጠፋችብኝ። እትዬ አንድም ጊዜ አልተቆጡም። አምስተኛው ላይ «አሁን እግርሽን እርሺው፤ ጆሮሽን ስጪያት» አሉኝ።

ሰጠኋት። ፔዳሉን በጣም ቀስ ብዬ መልቀቅ ጀመርኩ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ የሞተሩ ድምፅ ወፈር አለ። ወንበሬ ሥር ትንሽ ንዝረት መጣ። የፊቷ አፍንጫ ለዓይን በማይታይ መጠን ቀና ያለ መሰለኝ።

«እዚያ! እዚያው ላይ አቁሚው!»

እግሬን አቆምኩት። ፒካፗ በዝግታ፣ ያለ ምንም ዝላይ፣ መሄድ ጀመረች። ነዳጅ መስጫውን አልነካሁም። ሁለት ሰከንድ ያህል እዚያው ይዤ ቀሪውን ለቀቅኩ። በፈጣን እግረኛ ፍጥነት ሜዳውን አቋርጣ ሄደች። እኔም መሪውን ይዤ፣ ሁለት እግሬን ወለሉ ላይ አሳርፌ፣ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። በዚያች ደቂቃ የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በኋላ ነገሩን በቁጥር አሰላሁት። እንዲህ ዓይነት የናፍጣ ሞተር ነዳጅ ሳይሰጡት ሲሠራ በደቂቃ ወደ 800 ጊዜ ይዞራል። አንደኛ ማርሽና የኋላው ዲፈረንሺያል (ዙሩን ለኋላ ጎማዎች የሚያስተላልፈው ክፍል) አንድ ላይ ይህን ዙር በግምት 16 ጊዜ ይቀንሱታል። ጎማው ጋ የሚደርሰው 50 ዙር ነው። ጎማው በአንድ ዙር ሁለት ሜትር ያህል ይጓዛል። ይህ በሰዓት ስድስት ኪሎ ሜትር ነው። መኪናዋ የራሷ እርምጃ አላት ማለት ነው፤ የእኔ ሥራ ከቆመችበት እስከዚያች እርምጃ ድረስ ሳላስደነግጣት ማድረስ ነው።

ፍሪሲዮን የሚሠራውም ይህንኑ ነው። ሞተሩ መዞር ካቆመ ይጠፋል፤ ጎማው ደግሞ ቆሟል። በመካከላቸው የፍሪሲዮን ሸራ የለበሰ ዲስክ አለ። ፔዳሉን ስንረግጥ ዲስኩ ከሞተሩ ይላቀቃል፤ ስንለቅ በጠንካራ ስፕሪንግ ኃይል ከሞተሩ ጋር ይጣበቃል። በድንገት ከተጣበቀ የቆመው ጎማ ሞተሩን ይገታዋል። ቀስ ብሎ ከተጣበቀ እየተንሸራተተ ሁለቱን ፍጥነቶች ያስታርቃቸዋል። ፔዳሉ ከላይ እስከ ታች ስንዝር የማይሞላ ጉዞ አለው። ይህ እርቅ የሚፈጸመው ግን በሁለት ጣት ስፋት ውስጥ ነው። ከሁለቱ ጣት በላይና በታች እግር እንደፈለገ ቢፈጥን ችግር የለውም። እዚያ ላይ ሲደርስ መዘግየት አለበት።

ያን ቀን ሃያ ጊዜ ደገምነው። ሳንቆጥር የቀረን ሊኖር ይችላል። መነሳት፣ መቆም፣ መነሳት፣ መቆም። እትዬ ሌላ ነገር አላስተማሩኝም። ሁለተኛ ማርሽ እንኳን አላየሁም። ማንዋል የሚያስተምር ሰው ሁሉ ከዚህ ቢጀምር ደስ ይለኛል። ለፈተና ስማር መጀመሪያ የተነገረኝ «ነዳጅ ስጪ፣ ፍሪሲዮን ልቀቂ» የሚል ነበር። ሞተሩ ይጮሃል፣ ተማሪው ይደነግጣል፣ ሸራው ይቃጠላል። የሚይዝበትን ቦታ ያላወቀ እግር ነዳጅ ቢጨምር ባይጨምር ለውጥ የለውም። አነስተኛ የቤንዚን ሞተር ላይ ይህ ልምምድ ከናፍጣው ይከብዳል፤ ይበልጥ መዘግየት ይፈልጋል። ዝርግ መሬት ላይ ግን ይቻላል።

ከሜዳው ወጥተን መንገድ ስንይዝ ሦስተኛ፣ አራተኛና አምስተኛ ማርሽ ብዙም አላስቸገሩኝም። ችግሩ ዳገት ነበር።

ዳገት ላይ እንድቆም አደረጉኝ። ከኋላችን ማንም አልነበረም። ለመነሳት ስሞክር መኪናዋ ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ልቤ ቀጥ አለ። ነዳጅ ረገጥኩ፣ ፍሪሲዮን ለቀቅኩ፣ ዘለለችና ጠፋች፤ መልሳ መንሸራተት ጀመረች።

እትዬ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ «ልጄ፣ ፍሬን አለሽ እኮ» አሉኝ።

እውነት ነው፣ ፍሬን አለ። በድንጋጤ ረስቼዋለሁ። ረገጥኩትና ቆመች። ያቺ አጭር ንግግር ከትምህርቱ ሁሉ ይበልጥ አረጋጋችኝ። የዳገት ፍርሃት የሚመጣው መኪናውን የሚይዘው ፍሪሲዮኑ ብቻ ሲመስለን ነው።

ከዚያ የእጅ ፍሬኑን አስያዙኝ። አንደኛ አስገባሁ። ፍሪሲዮኑን ለቀቅ እያደረግኩ ድምፁ እስኪወፍርና የመኪናዋ የኋላ ክፍል ዝቅ እስኪል ጠበቅኩ። ትንሽ ነዳጅ ሰጠሁ። «አሁን የእጅ ፍሬኑን ልቀቂ። መኪናዋ ወዴትም መሄድ የለባትም። ባለችበት ከቆመች እግርሽ ቦታውን አግኝቷል ማለት ነው» አሉ። ለቀቅኩ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ዳገቱ ላይ በአየር የተያዘች መሰለች። ከዚያ ወደ ላይ ተነሳች። ያቺን አንድ ትንፋሽ ግን ማርዘም አይገባም። መብራት እስኪለቅ ድረስ ዳገት ላይ በፍሪሲዮን ይዘው የሚቆዩ ሹፌሮች አሉ። ዲስኩ ያለማቋረጥ እየተንሸራተተ ይግላል። የተቃጠለ ሸራ ሽታ አንዴ ካሸተቱት አይረሳም። መቆም ከሆነ ፍሬን፣ መሄድ ከሆነ ፍሪሲዮን።

ሌላው ቁጣቸው ግራ እግሬ ላይ ነበር። እየሄድን ሳለ ፔዳሉ ላይ አሳርፌው ካዩ ጉልበቴን በጣታቸው ይነካሉ። የእግር ክብደት ብቻ ፍሪሲዮኑን በከፊል ሊያላቅቀው፣ የሚጫነውንም ኩሽኔታ ያለ ዕድሜው ሊበላው ይችላል። አሁን እግሬ ሳላዝዘው ከፔዳሉ ወርዶ ያርፋል።

ሁለተኛ ማርሽ ነገር አለው። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ስመልስ ይጮሃል። ማርሾቹ ከመግባታቸው በፊት ፍጥነታቸውን የሚያስተካክል የነሐስ ቀለበት አለ፤ የዚህችኛዋ ተበልቷል። ይህ ሥርዓት የመጣው በካዲላክ መኪና ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1928 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ ሹፌሮች ቀለበቱ የሚሠራውን ሁሉ በእግራቸው ይሠሩ ነበር። እትዬም ያንኑ አሳዩኝ። ፍሪሲዮን ረግጦ ወደ ዜሮ ማርሽ ማውጣት፣ መልቀቅ፣ ነዳጁን ቶክ ማድረግ፣ እንደገና ረግጦ ሁለተኛን ማስገባት። መሃል ላይ ፍሪሲዮኑ የሚለቀቀው ሞተሩ የካምቢዮውን (ማርሾቹ ያሉበትን ሳጥን) የውስጥ ዘንግ አፍጥኖ እንዲያዞረው ነው። ልኩ ሲገኝ ማርሹ ያለ ድምፅ ይገባል፤ ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ ቢላ። እኔ ለመልመድ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። እትዬ እያወሩ፣ በሁለት ጣት ያደርጉታል።

ቁልቁለት ላይ ሕጋቸው አጭር ነው፦ በምትወጪበት ማርሽ ውረጂ። በከፍተኛ ማርሽ ወርዶ ፍሬን ላይ መንጠልጠል የፍሬኑን ሸራ ያግለዋል። የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። ዝቅተኛው ማርሽ ሞተሩን ራሱ ገቺ ያደርገዋል።

አሁን ለብቻዬ መንዳት ከጀመርኩ አምስት ወር አልፎኛል። እትዬ ጋቢና ውስጥ ከጎኔ ሲቀመጡ ግራ እግራቸው አሁንም ይንቀሳቀሳል። ማርሽ ልቀይር ስል፣ ከእኔ በፊት፣ ወለሉን ይረግጣሉ። ከእሳቸው እግር ጋር እኩል ከረገጥኩ ልክ ነኝ።

ጠዋት ጠዋት ሁለተኛው አሁንም ይጮህብኛል። የካምቢዮው ዘይት ሌሊቱን ቀዝቅዞ ስለሚወፍር የተበላው ቀለበት ጭራሽ አይታዘዝም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር አልቸኩልም። አንደኛ ላይ እንዳለች፣ በራሷ እርምጃ፣ እስክትሞቅ ድረስ እንሄዳለን።