ቴርሞስታቱ ሳይሆን ክዳኑ
ዛሬ ጠዋት ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ አንድ ጋሼ የድሮ ዲኤክስ መኪናቸውን ኮፈን ከፍተው «ትናንት ሙቀቱ ቀዩ ላይ ደረሰብኝ፤ መካኒኩ ቴርሞስታቱ ይውጣ አለኝ» አሉ። ቴርሞስታት ማለት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋ ቫልቭ ነው። ሞተሩ ገና አልተነሳም። የላይኛው የራዲያተር ቱቦ ግን ተጨምድዶ፣ ግድግዳው እርስ በርሱ ተጣብቋል።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ የራዲያተሩን ክዳን እንየው» አልኳቸው።

ክዳኑ ሁለት ቫልቭ አለው። ትልቁ በሞላው (በስፕሪንጉ) ኃይል ግፊት ይይዛል። መሃል ላይ ያለችው ትንሿ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ተከፍታ ከመጠባበቂያው ጋን ውሃ ወደ ራዲያተሩ ትመልሳለች። እሷ በዝገት ስትያዝ ውሃው አይመለስም፤ ቱቦው ይመጠጣል፣ ራዲያተሩ ይጎድላል። የትልቁ ጎማ ሲደርቅ ደግሞ ግፊቱ ያመልጣል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ያለ ግፊት ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ 0.9 (በባር፣ የሚይዘው ግፊት) የሚል ደህና ክዳን ሲኖር ግን እስከ 115 ገደማ ይታገሳል።

ቴርሞስታት ማውጣት የብዙ ጋራዥ ልማድ ነው፤ በፍጹም አልስማማም። ሞተሩ በቂ ሙቀት ሳያገኝ ይሠራል፣ ቤንዚንም ይበላል።

ክዳን ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቁጥሩም የአንገቱ ጥልቀትም ይመሳሰል። የጣናን ውሃ አትሙሉ፣ ደለሉ ቀጫጭኑን የራዲያተር መተላለፊያ ይደፍናል። ኩላንትና የተጣራ ውሃ፣ ግማሽ በግማሽ። ደግሞ እባካችሁ፣ ሞተሩ በእጅ እስኪነካ ሳይቀዘቅዝ ክዳኑን አትክፈቱ።