ኤምአርኤስኤ ነው ተባለ፣ እሺ የማን ዘር?

ላብራቶሪው "ኤምአርኤስኤ ነው" ብሎ ሲመልስ እኮ የነገረን ትንሽ ነው። ስታፍ የሚባለው ባክቴሪያ ነው፣ የፔኒሲሊን ወገን የሆኑት መድኃኒቶች አብዛኞቹ አይገሉትም፣ በቃ። ከየት መጣ የሚለውን አይመልስም፣ እኔን ደሞ ሁሌ የሚበላኝ እሱ ነው።

ድሮ መልሱ ቀላል ነበር፣ ሆስፒታል። በ1961 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ሜቲሲሊንን (የፔኒሲሊን ወገን ነው) የተላመደው ስታፍ ሪፖርት ከተደረገ ጀምሮ በአብዛኛው የተኛ በሽተኛ ጉዳይ ነው ተብሎ ነው የተያዘው፣ ከዛ በ1997 እና በ1999 መሀል ሚኒሶታና ሰሜን ዳኮታ ውስጥ አራት ልጆች በሱ ሞቱ፣ ከሆስፒታል ጋር የሚያገናኛቸው የተለመደው ምክንያት የሌላቸው ልጆች። ቶሎ የሚመጣው ግምት ያው "ከሆስፒታል አምልጦ ወጣ" ነው።

ዘሩ ሲታይ ግን ሌላ ሆነ። ስታፉን መድኃኒቱን እንዲቋቋም የሚያደርገው ሜክኤ የሚባለው ጂን ብቻውን አይዞርም፣ ካሴት በሚሉት የዲኤንኤ ቁራጭ ውስጥ ተጭኖ ነው የሚገባው፣ የድሮዎቹ የሆስፒታል ዘሮች በብዛት ትልልቁን ካሴት (ከአንድ እስከ ሦስት ቁጥር) ይዘዋል፣ ሁለትና ሦስት ቁጥር ደሞ የሌላ መድኃኒት መከላከያም ይጭናሉ። ብጉንጅ ይዞ ከቤቱ የሚመጣው ሰው ላይ የሚገኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ትንሹ አራት ቁጥር ነው፣ ለዛም ነው ፔኒሲሊኖቹ እምቢ ሲሉ ሌላ ተራ መድኃኒት ብዙ ጊዜ የሚሰራለት። ብዙዎቹ ላይ ፒቪኤል የሚባል ነጭ የደም ሴል የሚገድል መርዝም አለ።

ሌላው ደሞ፣ አምልጦ የወጣ አንድ ዘር ቢሆን ኖሮ ሁሉም ጋ አንድ አይነት በሆነ ነበር አይደል? በዘር መለያ ቁጥራቸው (ኤስቲ ይሉታል) ስናያቸው፣ አሜሪካ ኤስቲ8 (ዩኤስኤ300 የሚባለው ታዋቂ ዘር)፣ አውሮፓ ኤስቲ80፣ አውስትራሊያ ኤስቲ93፣ ታይዋን ኤስቲ59። ካሴቱ ነው በየቦታው የነበረው ስታፍ ውስጥ እየገባ የሄደው።

የኤስቲ ቁጥሮቹ የሚወጡት ሰባት ጂን ተነቦ ነው። ሰባት! ከ2.8 ሚሊዮን የዲኤንኤ ፊደል ገደማ ውስጥ። ስለዚህ ኤስቲ8 ብቻ ማለት የአያት ስም እንደመጥራት ነው፣ ዩኤስኤ500ም ኤስቲ8 ነው፣ እሱ ግን የሆስፒታል ዘር ተብሎ የሚታወቅ ነው። እንደ ፒቪኤል ያለ ሌላ ምልክት ካልጨመሩበት ይምታታል። ስፓ የሚባለው ምርመራ ደሞ አንድ ጂን ላይ የሚደጋገመውን ቁራጭ ብቻ ያያል፣ ርካሽና ፈጣን ነው፣ ዩኤስኤ300 በዚህ ምርመራ ብዙ ጊዜ ቲ008 የሚል መለያ ይዞ ይወጣል፣ ግን አንድ አገር ሙሉ ቲ008 ከሆነ ወንድሜ ከኔ ተጋባበት ወይስ ከጂም የሚለውን በምን ትለየዋለህ? እዛ ላይ ሙሉ ጂኖሙን አንብቦ የተለያዩትን ፊደሎች አንድ በአንድ መቁጠር ነው የሚያዋጣው።

የሚያስቀው ግን መጨረሻ ላይ የሆነው ነው፣ ከሆስፒታል አመለጠ ሲባል የነበረው ዩኤስኤ300 ጭራሽ ከውጭ ወደ ሆስፒታል ገብቶ እዛ የተኙት ሰዎች ደም ውስጥ መገኘት ጀመረ።