እንግሊዝኛን ከ«አበበ በሶ በላ» ጀመርን

«አይ ወርክ ሀርድሊ።»

ይህን የተናገርኩት ከብዙ ዓመታት በፊት፣ እዚሁ ሐዋሳ፣ አንድ ሆቴል ለእንግዳ ተቀባይነት ሲፈትነኝ ነው። ተግቼ እሠራለሁ ማለቴ ነበር። ትምህርት ቤት የሸመደድኩት ሕግ ነበረኝ። አድጀክቲቭ (ቅጽል) ላይ «ሊ» ሲጨመር አድቨርብ (ተውሳከ ግስ) ይሆናል። ክዊክ፣ ክዊክሊ። ስሎው፣ ስሎውሊ። እንግዲያው ሀርድ፣ ሀርድሊ። ጠያቂው ቀና ብሎ አየኝና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ሥራውን አላገኘሁም። በዚያች ቃል ብቻ አጣሁት አልልም። ግን «ሀርድሊ» ማለት «እምብዛም» ማለት መሆኑን፣ ሰውየውንም «እምብዛም አልሠራም» ብዬው እንደመጣሁ ያወቅኩት ቆይቶ ነው። ያወቅኩ ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለካ ሀርድ ምንም ሳይጨመርበት ራሱ አድቨርብ ይሆናል። «አይ ወርክ ሀርድ» ብል ይበቃ ነበር። ፋስትም እንደዚሁ ነው። ፍሬንድሊ እና ሎቭሊ ደግሞ «ሊ» እያላቸው አድጀክቲቭ ናቸው።

አሁን አሞራ ገደል አቅራቢያ ዓሣ እየጠበስኩ እሸጣለሁ። ልጄ ስምንተኛን ጨርሳ ዘጠነኛ ልትገባ የቀራት ክረምቱ ብቻ ነበር። ዘጠነኛ ላይ ሒሳቡም፣ ባዮሎጂውም፣ ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ካልተፈታላት ትምህርቱም አይፈታላትም። እኔን የገጠመኝ እሷን እንዲገጥማት አልፈለግኩም።

ደብተሯን ገለጥ አደረግኩት። ጽሕፈቷ ያምራል። ስምንቱ የቃል ክፍሎች ተደርድረዋል፦ ናውን፣ ፕሮናውን፣ ቨርብ፣ አድጀክቲቭ፣ አድቨርብ፣ ፕሪፖዚሽን፣ ኮንጃንክሽን፣ ኢንተርጀክሽን። «ናውን ምንድን ነው?» አልኳት። «ኤ ናውን ኢዝ ዘ ኔም ኦፍ ኤ ፐርሰን፣ ፕሌስ ኦር ቲንግ» ብላ አንበለበለችው። «ጎሽ! “ዊ ፊሽ ኢን ዘ ሌክ” ሲባልስ ናውኑ የቱ ነው?»

«ፊሽ» አለች ወዲያው።

እኔም በሷ ዕድሜ ይህንኑ እል ነበር። እዚያ ላይ ግን ፊሽ ግስ ነው፤ ዓሣ እናጠምዳለን ማለት ነው። ናውኑ ሌክ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ባከነ። እኔ ራሴ የተማርኩበትን መንገድ ነው የደገምኩት። ትርጉሙን አስሸመድድኩ፣ ምሳሌ አስጻፍኩ፣ ጠዋት ጠየቅኩ። ሁሉንም እንደ ውሃ ጠጣችው። አዲስ ዓረፍተ ነገር ስሰጣት ግን ዝም ትላለች። ሰባተኛው ቀን ላይ ደብተሩን ዘጋሁትና «የአማርኛ ትምህርት ላይ ቅጽል ምንድን ነው ብለው አስተማሯችሁ?» አልኳት። በደንብ መለሰችልኝ። «አድጀክቲቭስ?» ዝም። አንድ ነገር መሆናቸውን ማንም ነግሯት አያውቅም። ሁለቱን በሁለት ሣጥን ቆልፋ ነው የያዘቻቸው።

ከዚያ በኋላ በአማርኛው ስም ገባን። ስሞቹ ራሳቸው እኮ ሥራቸውን ይናገራሉ። ተውላጥ ማለት ልዋጭ፣ ምትክ ነው። ስለዚህ ተውላጠ ስም በስም ቦታ የሚተካ ነው። መስተፃምር፣ ማለትም ኮንጃንክሽን፣ አጣማሪ ነው። ተውሳከ ግስ ላይ ስንደርስ «ተውሳክ ጀርም አይደል እንዴ?» አለችኝ። በግዕዝ «ወሰከ» ማለት ጨመረ ማለት ነው። በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ በዓላትን ለማውጣት የሚደመረውም ቁጥር ተውሳክ ይባላል። ስለዚህ ተውሳከ ግስ ግሱ ላይ የሚጨመር ነገር ነው፦ እንዴት፣ መቼ፣ የት፣ ምን ያህል። «ሀርድ» የሚባለው ቃል «ወርክ» ላይ ሲደመር ታያት። እኔ ያኔ ይህን የሚለኝ ባገኝ ብዬ ቆጨኝ።

ከዚያ የፓስታ ካርቶን ቀደድን። ቁራጮቹ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ ቃላት ጻፍን፤ በየቁራጩ አንድ ቃል። መጀመሪያ ሁላችንም ፊደል የቆጠርንበትን ዓረፍተ ነገር በሱቁ ጠረጴዛ ላይ ደረደርን። አበበ። በሶ። በላ።

«ማሰሪያ አንቀጹ የቱ ነው?»

«በላ።»

«ማን በላ?»

«አበበ።»

«ምንን?»

«በሶ።»

ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው። ግሱን ታገኛለህ፤ «ማን» ስትል ባለቤቱ ይወጣል፤ «ምንን» ስትል ተሳቢው ይወጣል። ከዚያ «በላ» የሚለውን ካርቶን አንስቼ መሐል አስገባሁት። አበበ ኤት በሶ። የእኛ ግስ መጨረሻ ላይ ያስራል፤ የእነሱ መሐል ይቆማል። ይህን ሁሉም መምህር ይናገራል። ልጄ ግን በራሷ እጅ ያገኘችው ነገር ነው ልቤን ያሞቀው። በአማርኛው ካርቶን «በሶውን» ብላ «ን» ጨመረችና ቦታ አቀያየረች፦ በሶውን አበበ በላ። ትርጉሙ ፍንክች አላለም። በእንግሊዝኛውም እንዲሁ ብታደርግ «በሶ ኤት አበበ» ሆነ። ትንሽ አየችውና «እማ! በሶው አበበን በላው!» ብላ ጮኸች። ዓሣ የሚበሉት ደንበኞች ዞረው አዩን።

ነገሩ እዚህ ጋ ነው ያለው። በአማርኛ ተበዪውን የምናውቀው በ«ን» ነው። እንግሊዝኛ ያቺ «ን» የለችውም። ቦታ ነው ያለው። ከግሱ በፊት የተቀመጠ ባለቤት ነው፤ ከኋላ የተቀመጠ ተሳቢ ነው። ስለዚህ የቃሉን ክፍል ለማወቅ ቃሉን ብቻ ማየት አይበቃም፤ የት እንደተቀመጠና ምን እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። «ፊሽ» የሚለውን አንዱን ካርቶን ሦስት ቦታ አዞርነው። «ዊ ፊሽ» ሲሆን ግስ። «ዊ ኢት ፊሽ» ሲሆን ስም። «ፊሽ ሱፕ» ሲሆን ደግሞ ስሙ የሚቀጥለውን ስም እየገለጸ እንደ ቅጽል ያገለግላል። ካርቶኑ አንድ፣ ሥራው ሦስት።

ግሱ ላይ ብዙ ቆየን፤ መቆየትም ያስፈልግ ነበር። የአማርኛ ግስ ሆዱ ሰፊ ነው። «አልበላሁትም» አንድ ቃል ነው። እንግሊዝኛው አምስት ነው፦ አይ ዲድ ኖት ኢት ኢት። ልጄ ሁለቱን «ኢት» አይታ ተደናገረች። በእኛ ፊደል አንድ ዓይነት ይጻፋሉ፤ የመጀመሪያው ረዘም ብሎ ይነበባል። እሱ መብላት ነው፣ ግስ። ሁለተኛው ተውላጠ ስም ነው። ከአማርኛው ቃል አንድ በአንድ ነቅለን አወጣናቸው። «አል» እና «ም» ኖት ናቸው። «ሁ» አይ ናት። «ት» ኢት ናት። ዲድ የሚባለው ረዳት ግስ ነው፤ ኃላፊውን ጊዜ የሚሸከመው እሱ ስለሆነ ነው ኢት ወደ ኤት ያልተቀየረው። «ዲድ ኖት ኤት» ትል የነበረችው ከዚያ ቀን ወዲህ ቀረ።

ሐምሌ ነውና ዝናቡ የሱቁን ቆርቆሮ ይደበድባል። «ዘነበ በእንግሊዝኛ?» አልኳት። «ሬይንድ።» ግሱ አለ፤ ባለቤቱስ? በአማርኛ ባለቤቱ ግሱ ውስጥ ስለሚገባ አይታወቀንም። «መጣሁ» ካልን «እኔ» ማለት ግድ አይደለም። እንግሊዝኛ ግን በተራ ዓረፍተ ነገር ባለቤት የሌለው ግስ አይቀበልም። ዝናብ እንኳን ባለቤት ይሻል። ኢት ሬይንድ። ያ «ኢት» ማንም አይደለም፤ ወንበሩ ባዶ እንዳይሆን የተቀመጠ ነው።

«እርስዎስ?» ብላ ጠየቀችኝ አንድ ማታ። የለም። አንተም፣ አንቺም፣ እርስዎም፣ እናንተም «ዩ» ነው። አክብሮቱ በ«ፕሊዝ» እና በ«ኩድ ዩ» ይገባል። መምህሯን «ዩ» ማለት ነውር ስለመሰላት ክፍል ውስጥ እጇን አታወጣም ነበር። ይህን የነገረችኝ ያን ማታ ነው። ስንት ልጅ በዚህ ምክንያት ዝም ብሎ ይሆን?

መስተዋድድ፣ ማለትም ፕሪፖዚሽን፣ ያደከመን በ«በ» ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ጻፍኩላት፦ በሰኞ ዕለት፣ በጠዋት፣ በባጃጅ መጥቼ፣ ዓሣውን በቢላ ቆረጥኩት። አራት «በ» አለ። እንግሊዝኛው አራቱንም ለያይቷቸዋል። ለቀን ኦን፣ ለጠዋት ኢን፣ ለመጓጓዣ ባይ፣ ለመሣሪያ ዊዝ። «በ3 ሰዓት» ብትል ደግሞ አት ይመጣል፤ ለዚያውም አት ናይን፣ ሰዓቱ ስድስት ይለያያልና። ሕግ አድርጋ ብትሸመድደው ይጠፋባታል። ስለዚህ በየቀኑ የራሷን ውሎ በአምስት «በ» እንድትነግረኝ አደረግኩ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሳታስብ ትለው ጀመር። ኮንጃንክሽንና ኢንተርጀክሽን በአንድ ከሰዓት አለቁ። «እና»፣ «ግን»፣ «ወይም» ለማንም አይከብድም። «ዋው» ደግሞ አፏ ላይ የኖረ ነው።

አርቲክሎቹ ግን ጊዜ ወሰዱ። አንዳንድ መጻሕፍት «ዘ»ን እና «ኤ»ን ከአድጀክቲቭ ጋር ይቆጥሯቸዋል፤ አንዳንዶቹ ዲተርማይነር ብለው ለብቻ ያወጧቸዋል። ስምንት ናቸው ወይስ ዘጠኝ እያሉ ልጆች የሚከራከሩት ከዚህ ተነስተው ነው፤ ሁለቱም ትክክል ነው። «ዘ» በግምት የእኛ «ው» ናት፦ ዓሣ፣ ዓሣው። ግን ፀሐይ ወጣች ስንል ፀሐይዋ ማለት ግድ አይደለም፤ እነሱ ዘ ሰን ይላሉ። ስለ «ኤ» እና «ኤን» ደግሞ የራሳችን ፊደል ረዳን። ትምህርት ቤት ቃሉ በቫወል (አናባቢ) ፊደል ከጀመረ «ኤን» ይባላል ብለዋታል። ይህ ያሳስታል፤ የሚታየው ድምፁ ነው። «ቃሉን በአማርኛ ፊደል ጻፊው» አልኳት። ሰዓት ማለት «አወር» ነው፤ በላቲን ሲጻፍ ፊት ለፊቱ «ኤች» አለች፣ ግን አትነበብም። በእኛ ፊደል በ«አ» ይጀምራል፤ ስለዚህ ኤን አወር። «ዩኒቨርሲቲ» በላቲን ቫወል ነው የሚጀምረው፤ በእኛ ፊደል በ«የ» ቤት ነው፤ ስለዚህ ኤ ዩኒቨርሲቲ። ፊደላችን የሚጽፈው የሚሰማውን ነው። ይህን ስታውቅ ፊቷ ላይ ያየሁትን ኩራት አልረሳውም።

ለሌላ ወላጅ የምመክረው ካለ ይህ ነው፦ ከናውን አትጀምሩ። መጻሕፍቱ ሁሉ ከሱ ይጀምራሉ፤ እኛ ያተረፍነው ከግስ ስንጀምር ነው። ግሱ ከተገኘ ሌላው ራሱ ይከተላል። ደግሞ በቀን ከግማሽ ሰዓት አታስበልጡ። እኔ አንድ ቀን ሁለት ሰዓት አቆይቻት አልቅሳ ተኝታለች፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

መስከረም ላይ ትምህርት ተጀመረ። በሁለተኛው ሳምንት የባዮሎጂ መጽሐፏን ይዛ ሱቅ መጣች። «ዘ ሴል ኢዝ ሰራውንድድ ባይ ኤ ሜምብሬን» የሚል ዓረፍተ ነገር ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ግሱ “ኢዝ ሰራውንድድ” ነው አይደል? ሁለት ቃል ሆነ።»

«አዎ፣ ረዳት ግስ አለው።»

«ማን ከበበ?» ብላ ራሷን ጠየቀች። ዝም አለች። «ሴሉ አልከበበም እኮ። የባለቤት ቦታ ላይ ግን እሱ ነው የተቀመጠው።»

«በአማርኛ በይው።»

«ሴሉ በሽፋን ተከበበ።» ቆም አለች። «“ተ” ናታ! በላ፣ ተበላ።» ከዚያ ወደ መጽሐፉ ተመልሳ «ታዲያ ይሄ “ባይ” የባጃጁ “ባይ” ነው?» አለችኝ።

ልመልስላት ስል ደንበኛ ጠራኝና ሁለት ቆሮሶ ልጠብስ ሄድኩ። ስመለስ የድሮዎቹን ካርቶኖች ከመደርደሪያው ሥር አውጥታ፣ ሦስት አዲስ ቁራጭ ጽፋ ጨምራባቸው፣ ጠረጴዛው ላይ ደርድራለች፦ በሶ ዋዝ ኢትን ባይ አበበ።