ሰንደዶውና ዋንዛው፦ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ግቢ

ባሕር ዳር የሠራነው ቤት ውስጥ የገባነው በ2008 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ነበር። ቤቱና ማድ ቤቱ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ የተረፈን በምዕራብ በኩል ያለው ስምንት በዘጠኝ ሜትር የሚሆን ባዶ መሬት ነው። ግንበኞቹ የተረፈ አሸዋና ጠጠር ደፍተውበት ሄደዋል፤ አንዲት ቅጠል አልነበረበትም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ምንም ሳያግዳት ሳሎኑን ትመታው ነበር። እናቴ የስፌት ዕቃዋን ታቅፋ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ጥላ ስትከተል ሳያት አንጀቴን በላችኝ፤ ግቢውን ለማልማት የተነሣሁት ከሁሉ በፊት ለእሷ ብዬ ነው።

እኔ ዛፍ ፈለግሁ፤ ባለቤቴ ሳር። የእሱ ክርክር ቀላል ነበር፦ «ሳሩ ለዘንድሮ መስከረም ይደርሳል፤ ዛፉን ግን ስንት ዓመት እንጠብቀዋለን?» እውነቱን ነው። ለዓይን ውበት የሚተከል ሳር በሦስት ወር ግቢውን ይለውጠዋል፤ ዛፍ ግን በሦስት ወር ውስጥ ጉልበት እንኳ አይደርስም። በመጨረሻ ሁለቱንም ለመትከል ተስማማን። ከዛፍ ዋንዛን፣ ከሳር ሰንደዶን መረጥን። ጎረቤቶቻችን ቶሎ ያድጋል ብለው ባሕር ዛፍ፣ ፍሬ ይሰጣል ብለው ደግሞ ማንጎ መክረውን ነበር። የማንጎ ጥላ ዓመቱን ሙሉ እንደማይሳሳ፣ ዋንዛ ግን በበጋ ቅጠሉን በብዛት እንደሚያራግፍ አውቃለሁ። ቢሆንም ያደግሁት ዋንዛ ካለበት ደጅ ነው፤ ነጭ አበባው ሲፈካ ንቡ ከሩቅ ይሰማል፣ ቢጫ ፍሬውን እያጣበቀን የበላን ልጆች ነን። ከበሮውም ገበታውም ከእሱ ነው የሚጠረበው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው ዛፎች ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር አንዱ ዋንዛ ነው። ይህን ዛፍ በአንድ ግቢ እንኳ መልሶ ማቆም ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር።

ከመትከሌ በፊት ያደረግሁት አንድ ነገር እስከ ዛሬ ጠቅሞኛል። በሚያዝያ አጋማሽ ሁለት ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ እንጨት ግቢው መሐል ቸክዬ ጥላውን ስለካ ዋልሁ። በዚያ ወቅት ፀሐይ በባሕር ዳር አናት ላይ ታልፋለች፤ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የእንጨቱ ጥላ ሥሩ ገብቶ ጠፋ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥላው ወደ ምሥራቅ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ወጣ፤ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ከሦስት ሜትር አለፈ። በየሰዓቱ ጫፉ ላይ ጠጠር አስቀመጥሁ። ቀሪው የሂሳብ ሥራ ነው፦ ስምንት ሜትር የደረሰ ዛፍ በዚያው ዘጠኝ ሰዓት ስድስት ሜትር ጥላ ይጥላል ማለት ነው። የባሕር ዳር ሙቀት የሚበረታው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ስለሆነ፣ ሳሎኑን የሚያድነው ከቤቱ በስተምዕራብ አምስት ሜትር ርቆ የቆመ ዛፍ መሆኑን በጠጠሮቹ አየሁት። አጥሩ ከዚያ አራት ሜትር ይቀረዋል።

ሁለት የዋንዛ ችግኝ ገዝቼ ሐምሌ ላይ ተከልሁ። ጉድጓዱ ስልሳ ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ ስልሳ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ነበረው። የላዩን ጥቁር አፈር ለብቻ፣ የሥሩን ቀዩን ለብቻ ከመርሁ በኋላ፣ ጥቁሩን ከብስባሽ ጋር ቀላቅዬ ከሥር መለስሁት። ፕላስቲኩን ስቀድደው የአንደኛው ችግኝ ሥር እንደ ገመድ ተጠቅልሎ አገኘሁት፤ የተጠቀለለውን በምላጭ ቆርጬ ዘርግቼ ተከልሁ። ብዙ ሰው ችግኙን ከነፕላስቲኩ ይቀብረዋል፤ በሁለተኛው ዓመት ለምን እንደ ደረቀ ሲጠይቅ መልሱ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ነው።

የመጀመሪያውን ዋንዛ የተከልሁት በመለኪያዬ ነው። ሁለተኛውን ግን ማድ ቤቱን ያቀዘቅዝልኛል ብዬ ከማድ ቤቱ ግድግዳ አንድ ሜትር ተኩል ብቻ አራቅሁት። በእድሜ የገፉ ጎረቤታችን አጥሩ ላይ ተደግፈው ሲያዩ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ይኼኛው ቆርቆሮሽን ይመታዋል፤ አሁኑኑ አንሺው» አሉኝ። «እሺ አባባ፣ እየከረከምሁ እይዘዋለሁ» ብዬ መለስሁላቸው። ሊሰሙ የሚገባቸው ሰው ነበሩ።

ሰንደዶውን ያመጣነው ከዘንዘልማ በኩል፣ ከአንድ ዘመዳችን ማሳ ዳር ነው። ከነሥሩ ተነቅሎ የመጣውን እያንዳንዱን ትልቅ ሳር በአካፋ ለአራትና ለአምስት ከፋፍለን፣ ቅጠሉን አንድ ስንዝር ያህል አስቀርተን ቆርጠን፣ በየሃምሳ ሴንቲ ሜትሩ በዋንዛው ዙሪያና በመንገዱ ግራና ቀኝ ተከልነው። ክረምቱ ራሱ አጠጣው። ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ እየጠረበ ወደ በሩ ያወጣው የነበረ አፈር በዚያው ክረምት ቆመ፤ ሥሩ ያዘው። መስከረም ላይ ደግሞ አገዳው ወጣ። ጠዋት ጤዛ ያዘለው ወይን ጠጅ የመሰለ ዘለላ ሲወዛወዝ ግቢው ሌላ ሆነ። ባለቤቴ ያለው ደረሰ፤ እኔም በሙሉ ልቤ ተደሰትሁ። እናቴ ግን ከውበቱ በፊት ያየችው አገዳውን ነው። በጠዋት ተነሥታ አንድ በአንድ እየመዘዘች እቅፍ ሙሉ ሰበሰበች። እየሰነጠቀች፣ ቀለም እየነከረች አለላ አደረገችው፤ የዚያ ዓመት ሰፌድ ቀዩም አረንጓዴውም ከደጃችን የበቀለ ነው።

ድካማቸውን ላወዳድር። ሰንደዶ ከተተከለ በኋላ ውኃ አልጠየቀኝም። የሚፈልገው በየዓመቱ ግንቦት ላይ ዝናቡ ሳይገባ እስከ አንድ ስንዝር ማጨድ፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት መሐሉ መክሰል ሲጀምር ነቅሎ መከፋፈል ነው። ማጨዱን ማዘግየት ጥሩ አይደለም፤ በበጋ የደረቀ ሳር ለእሳት ቅርብ ነው፣ አይጥም ይሸሸግበታል። ዋንዛው ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች እንደ ሕፃን ነበር። ታቹን በምስማር የበሳሁትን ሃያ ሊትር ጀሪካን በሳምንት ሁለት ጊዜ ሞልቼ ሥሩ ላይ አስቀምጥለት ነበር፤ ጠብ ጠብ እያለ ሌሊቱን ያድር ነበር። ዙሪያውን በሣርና በቅጠል ጎዘጎዝሁለት፤ ጉዝጓዙን ግን ከግንዱ አንድ ጋት ማራቅ ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ ምስጥ ይጠራል። ከሁለት ዓመት በኋላ ምንም አልጠየቀኝም።

በአራተኛው ዓመት የማድ ቤቱ ዋንዛ ጎረቤታችን ያሉትን አደረገ። ቅርንጫፉ በነፋስ ቆርቆሮውን ሌሊት ሙሉ ሲፍቅ እንቅልፍ አሳጣን፤ ሰፋፊው ቅጠል አሸንዳውን ደፍኖት የክረምቱ ውኃ በግድግዳው ገባ። ብከረክመው በአንድ ክረምት መልሶ ይደርሳል። በ2012 ዓ.ም. አስቆረጥሁት። ግንዱ እጄን የሚሞላ ጤነኛ ዛፍ ነበር፤ ሲወድቅ ከቤት አልወጣሁም። አንድ ሜትር ተኩሉን አምስት ባደርገው ኖሮ ዛሬም ይቆም ነበር። ሳር ያለ ቦታው ቢተከል በአንድ ጠዋት ይነሣል፤ ዛፍ ግን አንዴ ከያዘ ስሕተቱ የሚታረመው በመጥረቢያ ነው። ስለዚህ ሰው ሲጠይቀኝ የማየው የችግኙን ቁመት ሳይሆን፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ቅርንጫፉ የሚደርስበትን ነው። ያንን ቦታ በገመድ መሬት ላይ አከብበውና ቤት፣ የመብራት ሽቦ ወይም የጎረቤት ጣሪያ ከነካ ቦታ እቀይራለሁ።

ሌላው ትምህርት ዘግይቶ መጣ፤ ያየችውም እናቴ ናት። በ2013 ዓ.ም. መስከረም ከዋንዛው ሥር ያለውን ሰንደዶ መዝዛ አንዱን አገዳ በጥፍሯ ልትሰነጥቀው ስትል መሐል ላይ ተሰበረባት። ሌላ አነሣች፤ እሱም ተሰበረ። «ልጄ፣ ይኼ አይሰፋም፤ ፀሐይ አላገኘም» አለችኝ። ቀና ብዬ አየሁ። ዋንዛው ቅርንጫፉን በየአቅጣጫው ሦስት ሜትር ዘርግቷል፤ ከሥሩ ያለው ሳር ቀጥኖ ብርሃን ወዳለበት ተጋድሟል፣ ዘለላም ያወጣው ጥቂቱ ብቻ ነው። በመንገዱ ዳር ፀሐይ የሚያገኘው ግን ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። ሰንደዶ የሜዳ ሳር ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ስተክል ዛፉ ሲያድግ ሳሩን እንደሚያስለቅቀው ማሰብ ነበረብኝ።

በዚያው ክረምት የተጋደመውን ነቅለን ከፋፍለን በአጥሩ ዳር፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚያገኝ ቦታ ደረደርነው። በሁለተኛው ዓመት አገዳው ጠነከረ። ባዶ ለቀረው ጥላ ምን እንደሚስማማ ለማወቅ ሩቅ አልሄድሁም፤ በጀልባ ዘጌ የተሻገረ ሰው ሁሉ ያየዋል። የዘጌ ቡና የሚበቅለው በዋንዛና በሌሎች ረጃጅም ዛፎች ጥላ ሥር ነው። በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ሦስት የቡና ችግኝ ከዋንዛው ግንድ ሁለት ሁለት ሜትር አርቄ ተከልሁ።

ዛሬ እንደ አዲስ ብጀምር ዋንዛውን ከቤቱ ስድስት ሜትር አርቄ አንድ ብቻ እተክላለሁ፤ ሰንደዶውን ግን በመጀመሪያው ክረምት እንደ ተከልሁት ዙሪያውን በሙሉ አለብሰዋለሁ፣ ከአራት ዓመት በኋላ እንደማነሣው እያወቅሁ። ዛፉ እስኪደርስ ያሉትን ዓመታት ባዶ መሬት ማየት አልፈልግም። የእናቴ በርጩማ አሁን ከዋንዛው በስተምሥራቅ ነው፤ ከስምንት ሰዓት በኋላ ጥላው ራሱ ይመጣላታል። የዘንድሮው መስከረም ሰንደዶ በዘርፍ በዘርፉ ታስሮ ማድ ቤት ተሰቅሏል። ከቡናዎቹ ሁለቱ በዚህ ኅዳር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልተዋል፤ የለቀምነው ፍሬ አንድ ሰፌድ እንኳ አልሸፈነም፣ አሁን በእሷው ሰፌድ ላይ እየደረቀ ነው።