በባሮዳ፦ የማሃራጃው ክስና የእንግሊዝ ችሎት

በምዕራብ ህንድ ካለችው ከአህመዳባድ በባቡር ተነሥቼ ቫዶዳራ፣ በቀድሞ ስሟ ባሮዳ፣ የገባሁት በ1890 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀውን የላክሽሚ ቪላስ ቤተ መንግሥት ለማየት ነበር። በሰፊው የግብር አዳራሽ ስዘዋወር ግን ሐሳቤን የያዙት ሕንፃውን ያሠሩት የባሮዳ ማሃራጃ (ንጉሥ) ሳያጂራኦ ሳይሆኑ፣ ከእርሳቸው በፊት ከዙፋን የወረዱት ማልሃር ራኦ ናቸው።

ማልሃር ራኦ በ1870 ከነገሡ ወዲህ ገበሬው በግብር ብዛት መጨነቁ፣ ሰዎች በግርፋት ገንዘብ እንዲከፍሉ መገደዳቸውና ሴቶች ያለ ፈቃዳቸው ለቤተ መንግሥት አገልግሎት መወሰዳቸው በአቤቱታ ይነገር ነበር፤ እርሳቸው በዚያው ዘመን ከወርቅ መድፍ አሠርተዋል። በእንግሊዝ የበላይነት ሥር በነበረችው ባሮዳ ሬዚደንት የሚባለው የእንግሊዝ ተጠሪ ኮሎኔል ፌይር ጉዳዩን አጥብቆ ያዘ፤ በ1873 የተሰየመው መርማሪ ኮሚሽንም ከክሶቹ ብዙዎቹን እውነት ሆነው ስላገኛቸው፣ ማሃራጃው አስተዳደራቸውን እስከ 1875 መጨረሻ እንዲያስተካክሉ ቀነ ገደብ ተሰጣቸው። የሕዝቡ በደል እውነተኛ ነበርና እስከዚህ ድረስ ጣልቃ ገብነቱን ለመንቀፍ አልደፍርም።

ነገሩ የተበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። ማልሃር ራኦ ፌይር እንዲነሣላቸው በኅዳር 1874 ህንድን ለሚያስተዳድረው የእንግሊዝ እንደራሴ በጻፉ በቀናት ውስጥ፣ ፌይር ሊጠጣው በቀረበለት የፍራፍሬ ጭማቂ መርዝ ተገኘ ተባለ። ማሃራጃው ታስረው ስድስት አባላት ባሉት ችሎት ፊት ቀረቡ፤ ሦስቱ እንግሊዛውያን ጥፋተኛ ሲሏቸው፣ ሦስቱ ህንዳውያን፣ የጓሊዮርና የጃይፑር ማሃራጃዎች ከሰር ዲንካር ራኦ ጋር ሆነው፣ በዚህ ፍርድ አልተስማሙም። ድምፁ እኩል በመከፈሉ መንግሥት የመርዙን ክስ ወደ ጎን ትቶ፣ የሰጠው ቀነ ገደብ ሳያልቅ፣ በሚያዝያ 1875 ስለ ክፉ አስተዳደራቸው ከዙፋን አወረዳቸው፤ በ1882ም በማድራስ በግዞት ሞቱ። ገበሬው ያቀረበው አቤቱታ ለሌላ ክስ መሸፈኛ መሆኑ ከሁሉ ይልቅ አሳዘነኝ፤ በዳይን መቅጣት ተገቢ ቢሆንም፣ ከሳሹም ፈራጁም አንድ መንግሥት ሲሆን ፍትሕ የማንም አይሆንም።

የገበሬ ልጅ የነበሩት ሳያጂራኦ በጉዲፈቻ ተወስደው፣ በእንግሊዛዊ ሞግዚት ተምረው ነገሡ። በ1906 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን በግዛታቸው ሁሉ ግዴታ አደረጉ። ሕዝባቸውን በመበደል ያልተከሰሱት እኒህ ገዢ ግን በ1911 በዴልሂው ደርባር፣ ማለትም በታላቁ የንግሥ ጉባኤ፣ ለእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ አንድ ጊዜ ብቻ እጅ ነሥተው ጀርባቸውን በማዞራቸው በታማኝነት ማጉደል ተጠረጠሩና ይቅርታ ለመጠየቅ ተገደዱ።