ደሴ ላይ መስኮት የሌለው ባኞ ቤት ስንቀባ

ደሴ ላይ ባኞ ቤት መቀባት ኮምቦልቻ ላይ ከመቀባት ይለያል። በከተሞቹ መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ነገር ግን የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ ሲገቡ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ይጨምራል፣ ብርዱም አብሮ ይጨምራል። ኮምቦልቻ ግድግዳው ራሱ ሞቅ ስለሚል የሻወር እንፋሎት ብዙ አያስቸግርም። ደሴ ላይ ግን፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ፣ ሰው በሙቅ ውሃ ታጥቦ ሲወጣ እንፋሎቱ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውሃ ሆኖ ይወርዳል። መስኮት ከሌለ ደግሞ መውጫ የለውም።

ሰኔ መግቢያ ላይ ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ፔንሲዮን እኛን ለቀለም ሥራ ጠራን። ባለቤቷ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፣ ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። ክፍሏ ሁለት እጅ ከተዘረጋ ግራና ቀኙን የምታስነካ ጠባብ ባኞ ቤት ናት። ከኛ በፊት የነበረው ቀቢ ዙሪያውን ዘይት ቀለም ቀብቷት ሄዷል። ጋሼ፣ አለቃችን ማለቴ ነው፣ ከእጅ መታጠቢያው በላይ ያበጠውን ቀለም በስፓቱላ ጫፍ ወጋ ሲያደርገው ውሃ ወጥቶ እስከ ክርኑ ወረደ። የኮርኒሱ ጥግ በሻጋታ ጠቁሯል።

እትዬ የፈለጉት ቀለም እንድንመርጥላቸው ብቻ ነበር። «ድብን ያለ ነጭ ይሁንልኝ፣ ጨለማ መሮኛል» አሉ። ጋሼ ዘይት ቀለም መጥፎ ነው ብሎ አያምንም፤ በደረቅ ግድግዳ ላይ በደንብ ይታጠባል፣ ይከርማል። ግድግዳው ከውስጥ እርጥበት ካለው ግን ቀለሙ መተንፈሻውን ይዘጋበትና ውሃው ከኋላ እየገፋ ያሳብጠዋል። «አብሽሩ እትዬ፣ ቀለም አይጠፋም። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳናውቅ የቀባነው ግን ክረምቱን አይሻገርም» አላቸው። እሳቸው ቅር ብሏቸዋል፤ የቀለም ዋጋ ነው እንጂ የምርመራ አልተዋዋልንም ያሉ ይመስለኛል በሆዳቸው።

ከዚያ ያደረገውን ሙያውን ለሚማር ሁሉ መንገር እወዳለሁ። ግድግዳው ላይ ያበጠውን ፋቅ ፋቅ አድርጎ፣ እጅ መዳፍ የሚያህል ላስቲክ ቆርጦ፣ አንዱን ከእጅ መታጠቢያው በላይ፣ ሌላውን በሻወሩ ማዶ ባለው ግድግዳ ላይ ለጠፈ። አራቱንም ጠርዝ አየር እንዳያስገባ በፕላስተር ዘጋው። ክፍሉ እንደ ወትሮው እንግዳ ይታጠብበት አለ። 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ ተመልሰን ስናይ፣ በሻወሩ ማዶ ያለው ላስቲክ ከፊቱ በኩል ጠብታ ይዟል፤ ሲላጥ ግን ከስሩ ደረቅ ነው። ይህ የእንፋሎት ውሃ ነው። ከእጅ መታጠቢያው በላይ ያለው ግን ፊቱ በጨርቅ ከተጠረገ በኋላም ከስሩ ውሃ ቋጥሯል፣ ልስኑም ጠቁሯል። ይህ ከግድግዳው ውስጥ የመጣ ነው። ሳኒተሪ ሠራተኛው ሲፈለፍለው የቧንቧው መገጣጠሚያ እያነባ ተገኘ። እትዬ ያን ጊዜ ዝም ብለው አዩ፣ ከዚያ በኋላ በሥራው ላይ አልተከራከሩንም።

ሻጋታውን ለማጠብ በረኪና በውሃ አቅጥነን በጓንት ስንቀባው ሳለ የቤቱ ጽዳት ሠራተኛ፣ ልትረዳን ብላ፣ ሴራሚክ የሚታጠብበትን አሲድ ይዛ መጣች። ጋሼ ክዳኑ ሳይከፈት ጠርሙሱን ከእጇ ተቀበላት። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ሳንባ የሚያቃጥል፣ ሰው የሚገድል ነገር ነው። ደግነቷን አመስግኖ፣ ለምን እንደማይቀላቀል ቁጭ ብሎ አስረዳት። ይህን የማያውቅ የጽዳት ሠራተኛ በየሆቴሉ አለ፣ ቀቢም አለ፣ እባካችሁ ንገሯቸው።

ወደ ቀለሙ እንምጣ። ጋሼ በቆርቆሮው ላይ ያለውን የቀለም ናሙና ወረቀት አያምንም፤ ሱቅ ውስጥ በፀሐይ የታየ ቀለም እዚህ ሌላ ነው ይላል። ሦስት ቁራጭ ቺፑድ ነጭ፣ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ እና ክሬም ቀብቶ ባኞ ቤቱ ውስጥ አምፖሉ ስር አቆማቸው። ነጩ በአንዲት ደካማ አምፖል ስር ወደ ግራጫ ሄደ። ቀለም ብርሃን አይፈጥርም፣ የመጣውን ይመልሳል እንጂ፤ ትንሽ ብርሃን ካለ ነጭም ደብዝዞ ይታያል። ሰማያዊውን እትዬ ወደ መስታወቱ ተጠግተው ከፊታቸው ጎን ያዙት፣ «ኧረ ገረጣሁ!» ብለው መልሰው አስቀመጡት። ከዚያ አምፖሉን ቀየርን። ካርቶኑ ላይ 6500 ኬልቪን (የብርሃኑ ቀለም መለኪያ ነው) የሚለው ነጭ መብራት ክሬሙን አገረጣው፤ 3000 የሚለው ደግሞ ቢጫነቱን አበዛው። መካከለኛው 4000 ሲበራ ግን ክሬሙ ረጋ አለ፣ የሰው ፊትም የሰው ፊት ሆነ። መብራቱንም ቀለሙንም አንድ ላይ የመረጡት እሳቸው ናቸው፣ እኛ ያቆምነው ቁራጭ እንጨት ብቻ ነው።

ኮርኒሱንም በዚያው ክሬም እንዲቀባ ተስማማን፤ በጠባብ ክፍል ውስጥ ኮርኒሱ በሌላ ቀለም ሲቆረጥ ጣሪያው ዝቅ ያለ ይመስላል። የተገዛው በውሃ የሚቀጥን፣ ሻጋታ መከላከያ ያለው፣ ሴሚ ግሎስ፣ ማለትም በመጠኑ የሚያብረቀርቅ ነው። ማት፣ ማለትም የማያብረቀርቅ ቀለም ውሃ ስለሚመጥና ሲታሽ ምልክት ስለሚይዝ ለእንዲህ ያለ ቤት አልመክርም። ይሁንና ሴሚ ግሎስ የልስኑን ጉድለት ሁሉ አጉልቶ ያሳያል፣ ስለዚህ ስቱኮውና ብርጭቆ ወረቀቱ ላይ ጊዜ መስጠት ግድ ነው።

አየር መሳቢያ ፋን ተገጠመ። ቱቦው ኮርኒሱ ውስጥ እንዳይቀር እስከ ውጭ ተዘረጋ፤ ኮርኒስ ውስጥ የሚያልቅ ፋን እርጥበቱን ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ነው የሚያዛውረው። የበሩም ግርጌ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ተቆረጠ፣ አየር ካልገባ ፋኑ የሚስበው የለምና።

ቧንቧው የተጠገነበት ግድግዳ አዲስ ልስን ስለተለሰነ ቢያንስ 28 ቀን ሳይደርቅ እንዳይቀባ ጋሼ ወሰነ። ክረምቱ ከገባ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። እትዬ «እንግዳ ያየዋል፣ ምን ይለኛል?» ብለው ነበር። «ያልተቀባ ግድግዳ አያሳፍርም፣ የሚላጥ ነው የሚያሳፍረው» አላቸው። ሦስቱን ቀባን፣ አራተኛውን ተውነው፤ የክሬሙን የመቀላቀያ ቁጥር በቺፑዱ ጀርባ ጻፍንላቸው፣ መስከረም ላይ ያንኑ እንድናገኝ።